ንጉሡ ሠ

አናጢው ሰኞ ወደ መዝገብ ቤቱ መጣ፣ ማክሰኞ መጣ፣ ረቡዕ መጣ። ሐሙስ መስኮት ሦስት ጋ ሲደርስ ነገር ዓለሙ ዞሮበት ነበር። የሟች እህቱን ልጅ በጉዲፈቻ ሊያስመዘግብ ነው። ወረቀቱ እስከ ነገ ካላለቀ ልጅቷ ማሳደጊያ ትገባለች ተብሏል።

የያዘው ምንድን ነው ቢሉ፣ አንዲት ፊደል! በልጅቷ የልደት ወረቀት ላይ የእናቷ ስም በንጉሡ ሠ ተጽፏል። በሞት ወረቀቱ ላይ ደግሞ በእሳቱ ሰ።

«ወንድሜ፣ በመዝገብ ሁለት ሴቶች ናቸው» ትለዋለች መዝጋቢዋ፣ ያቺ ድምፀ ለስላሳ። አንዷን እህቱን ቀብሮ ሳያበቃ ሁለተኛ እህት ይሰጡት ጀመር። ይባስ ብሎ፣ ለዚህች ለምታመላልሰው ሴት ብሎ በየቀኑ ጢሙን ይላጫል። አይ ሞኝነት!

እርማት የሚደረገው የተሳሳተው ሠራተኛ አምኖ ሲፈርም ነው ብላዋለች። ማን እንደሆነ ሲጠይቃት ግን እስክሪብቶ መነካካት ትጀምራለች። ባልደረባዋን እየሸፈነች መሰለው።

«እህቴ፣ ለአንድ ሰው ሲሉ ልጄን ሊያስወስዱብኝ ነው?» አላት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ስትወጣ በአንድ እጇ የተፈረመ እርማት፣ በሌላው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለችው። «የእህትዎን ሞት ያስመዘገቡ ዕለት እዚህ አንገትዎን ደፍተው ሲያለቅሱ እርስዎን እንጂ ወረቀቱን አላየሁም... ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ቁጣው ግን ከየት ይምጣ? ወረቀቱን ተቀበላት።

«ነገም እመጣለሁ» አላት። «ጉዳይ የለኝም፤ እንዲሁ ነው የምመጣው። ብቻ ወንድሜ አይበሉኝ።»

በዓመቱ አናጢውና መዝጋቢዋ እዚያው መስኮት ጋ ለጋብቻ ምዝገባ ቆሙ። የሚጽፍላቸው ሌላ ሠራተኛ ነው። ፊደል የቆጠረችው ልጅ በመሃላቸው ተንጠራርታ ቅጹን ታነባለች። «ሥራ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችና ወደ መዝጋቢዋ ቀና አለች።

«እማዬ፣ ይሄ ንጉሡ ነው እሳቱ?»

እስከዚያ ቀን እማዬ ብላት አታውቅም።

«ንጉሡ ነው፣ ልጄ» አለቻት፤ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ።

አናጢው የሚጽፍላቸውን ሰውዬ በጎን እያየ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«በይ አታልቅሺ» አላት። «አንቺን ሲያይ ይሳሳትና ደግሞ አራት ቀን ያመላልሰናል።»