ከግድግዳው የማያልፍ ድምፅ

ሉሺየስ ታርፕሊ በክለቡ መድረክ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ቤዝ ጊታሩ እግሩ ሥር ተጋድሟል። ከጭንቅላቱ አጠገብ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው አሮጌና ከባድ አምፕሊፋየር በጎኑ ወድቋል፤ ደሙም እስከ ከበሮው ምንጣፍ ድረስ ወርዷል።

«ግልጽ ነው፣ እሜቴ» አለ ኦፊሰር ላንድሪ። «ጎንበስ ብሎ ገመድ ሲሰካ አምፑ ከስፒከሩ ላይ ተንሸራቶ ወደቀበት።»

መርማሪ ኦዴሳ ፕሩዊት ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች። በሜምፊስ ፖሊስ ውስጥ ሬሳ ማየት እንጀራዋ ከሆነ ቆይቷል። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኗ ቤዝ ጊታር የምትመታው እሷው ናት። ስለዚህ ከሟቹ ቀጥሎ ዓይኗ ያረፈው ከስፒከሩ ጫፍ ላይ በተጋደመች አጭር ገመድ ላይ ነበር።

«ይቺ ገመድ አምፑን ከስፒከሩ ጋር የምታገናኝ ናት። አንድ ክንድ እንኳ አትሞላም። አምፑ ራሱ ወድቆ ቢሆን ወይ ይዛው ትንጠለጠል ነበር፣ ወይ ትበጠስ ነበር። ማነው በሁለቱም ጫፍ ነቅሎ እንዲህ ያስተኛት?»

«ሟቹ ነቅሏት ይሆናላ።»

«አምፑን ሳያጠፋ? ማብሪያውን እየው፣ እንደበራ ነው። እንዲህ ዓይነቱን አሮጌ አምፕ እንደበራ ከስፒከሩ ብትነቅለው ይቃጠላል። ሉሺየስ ይህን አምፕ ከልጁ በላይ ነው የሚሳሳለት።»

ከመድረኩ ጥግ የማይክሮፎን ማቆሚያዎች ተደርድረዋል። የሁሉም የብረት እግር አቧራ ለብሷል፤ የአንዱ ብቻ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ኦዴሳ ላንድሪን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ እሱም ጓንቱን አጥልቆ አነሳው።

እሷን ይበልጥ ግራ ያጋባት ግን ጊታሩ ነበር። ሉሺየስ በከተማው የሚታወቀው በወፍራምና ለስላሳ የጊታር ድምፁ ነው። ልሙጥ ክር፣ ከክሩ ሥር የተወሸቀ ስፖንጅ፣ የቀጭኑ ድምፅ ማዞሪያም እስከ መጨረሻው የተዘጋ። ዛሬ ስፖንጁ ወጥቷል። ልሙጦቹ ክሮች ቦርሳው ውስጥ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ በምትካቸው ሹል ድምፅ የሚያወጣ ሻካራ አዲስ ክር ተወጥሯል። የአምፑ ቀጭን ድምፅ እስከ ጥግ ተከፍቷል።

ሰውየው በዘመኑ ሁሉ የሸሸውን ድምፅ በሞቱ ቀን ምን ሊያደርግበት ፈለገው?

ከሰዓት በኋላ ከሟቹ ሌላ በሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ኦዴሳ መጀመሪያ ያስጠራችው ሬሳውን ያገኘችውን ዘፋኟን ዴልፊን ጌንስን ነበር።

«ልብስ መቀየሪያው ክፍል ነበርኩ» አለች ዴልፊን፤ ግማሽ ፊቷ ተኳኩሏል፣ ግማሹ በእንባ ታጥቧል። «ሲመታ መስተዋቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቆመ። ሊያጨስ ወጣ ብዬ ተውኩት።»

«ድምፁ ምን ይመስል ነበር?»

«የሉሺየስ ነዋ! እንደ ሁልጊዜው ሆድ ውስጥ የሚገባ።»

«ክር መቀየሩን አላወቅሽም?»

«ሉሺየስ? ክር?» ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ። «ሚስቱን መቀየር ይቀለው ነበር እኮ! ቆይ ግን... ጠዋት አንድ ነገር ብሎኛል። ‹ዛሬ የሐሙስ ባቡርን በራሷ ድምፅ እመታታለሁ። ከዚያ ማይኩን ስጪኝ፣ ሁለት ቃል አለችኝ› አለ።»

‹የሐሙስ ባቡር› የተባለችውን ዘፈን ሜምፊስ ውስጥ የማያውቃት የለም። ሸክላዋ በወርቃማ ክፈፍ ሆና ባሩ ላይ ተሰቅላለች። ከጎኗ ባለው ፎቶ የክለቡ ባለቤት ሃርላን ስተብስ በጉብዝናው ዘመን ቤዝ ጊታር ታቅፎ ይስቃል። በሸክላዋ ላይ ቤዙን የመታው የእሱ ጣት ነው ይባላል።

ከበሮ መቺው ኮርትላንድ ሚክስ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። «ትናንት መጣላታችንን ነግረውሻል አይደል? ከበሮህ ድምፄን ይውጠዋል አለኝ፤ እኔም ጆሮህን አስመርመር አልኩት። ለዚህ ሰው ቢገደል፣ እሜቴ፣ በዚህ አገር አንድ ባንድ አይተርፍም።»

«የት ነበርክ?»

«ወጥ ቤት፣ ዓሣዬን እየበላሁ። የሱ ምት በግድግዳው ሲመጣ ሳህኔ ይርገበገብ ነበር፤ ሌላ የሰማሁት ነገር የለም።»

«ሻካራ ክር የሚወድ ሰው ታውቃለህ?»

ኮርትላንድ አሰበ። «እህቱ ቨርና ናት እንደዚያ ትመታ የነበረችው ይላሉ። ድምጿ እንደ ምላጭ ነበር አሉ። እሱንም ያስተማረችው እሷ ናት። አሁን ጣቷ ተቆራምዶ ከሱ ቤት አትወጣም።»

ሃርላን ስተብስ በመጨረሻ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተለካ።

«ምድር ቤት የበረዶ ማሽኑን እየነካካሁ ነበር፣ የኔ እመቤት። ምስኪን ሉሺየስ! ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ፣ ቀጭኑን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍቶ ክሩን ያንቃጭለዋል። ጥፍሩ ሲጭረው እንኳ ይሰማ ነበር። አምፑን ያንሸራተተው ያ ሁሉ ጩኸት ነው።»

«የምድር ቤቱ በር ክፍት ነበር፣ ሚስተር ስተብስ?»

«ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ሁሌም ዝግ ነው።»

«በመሀል ወደ ላይ ወጥተው ነበር?»

«ዴልፊን እስክትጮህ ድረስ እግሬ ደረጃ አልረገጠም።»

ኦዴሳ አመሰገነችው። ወደ መኪናዋ ወጥታ የራሷን ጊታር አመጣችና ለላንድሪ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ከዚያ ሦስቱንም አስከትላ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ የብረቱንም በር ዘጋችው።

«ላንድሪ መድረኩ ላይ በሌላ አምፕ ሁለት ጊዜ ይመታል። አንዱን ቀጭኑን ድምፅ ዘግቶ፣ አንዱን እስከ ጥግ ከፍቶ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ።»

ከላይ ዱም፣ ዱም፣ ዱም አለ። ዝም አለ። እንደገና ዱም፣ ዱም፣ ዱም።

«ሁለቱም ያው ናቸው» አለች ዴልፊን።

«እኔም አልለየሁትም» አለ ኮርትላንድ።

ስተብስ ወደ ተዘጋው በር ተመለከተ።

«ወፍራም ድምፅ ግድግዳ ያልፋል» አለች ኦዴሳ። «ቀጭኑ ጡብ ሲነካ ይሞታል። ስለዚህ ዴልፊን የሰማችው የድሮውን ሉሺየስን ነው፤ ኮርትላንድ የሰማው የሳህኑን መርገብገብ ነው። እርስዎ ብቻ፣ ሚስተር ስተብስ፣ በተዘጋ የብረት በር ውስጥ ሆነው የጥፍሩን መጫር ሰሙ። ያንን የሚሰማ ሰው ከሉሺየስ ፊት የቆመ ነው።»

«ወጥቼ... ድምፁን ቀንስ ልለው ለአፍታ ወጥቼ ነበር። ረስቼው ነው።»

«እግሬ ደረጃ አልረገጠም አሉኝ እኮ። የማይክሮፎኑን ብረት ሲወለውሉም ረስተውት ነው? ብረቱ ለምርመራ ተይዟል። በእሱ መቱት፤ ከዚያ አምፑ የገደለው እንዲመስል ሊጥሉት ሲሉ አጭሯ ገመድ ያዘችብዎ። ነቅለው በሥርዓት አስቀመጧት። የቤዝ ተጫዋች እጅ ገመድ አይወረውርም።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?» ድምፁ ተሰነጠቀ።

«በዚያች ሸክላ ላይ ያለው ሹል ድምፅ የእርስዎ ስላልሆነ። ድምጿ እንደ ምላጭ የነበረው የእህቱ የቨርና ታርፕሊ ነው። ሉሺየስ ዛሬ ክሩን ቀይሮ፣ ስፖንጁን አውጥቶ ያንኑ ድምፅ አገኘው። በሰው ሁሉ ፊት መትቶ ስሟን ሊጠራ ነበር።»

ኮርትላንድ ቀስ ብሎ ከስተብስ አጠገብ ፈቀቅ አለ። ዴልፊን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ስተብስ ባዶ የበረዶ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «በዚያን ጊዜ ሴት ቤዝ ትመታለች ብሎ ማን ያምን ነበር? የሸክላዋ አዘጋጅ በእሷ ፈንታ እኔን ፎቶ አነሳኝ፣ እኔም ዝም አልኩ። ሰው ሁሉ ሲጨብጠኝ የኖረው ያንን እጅ መስሎት ነው። ከታች ሆኜ ምቱን ሳውቀው ወጣሁ። አቁም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ‹ከሷ ጋር ይመሳሰላል?› አለኝ። ደግሞ ጊታሩን መታው።» መዳፎቹን አያቸው። «ይመሳሰል ነበር።»

ከመድረኩ የወረደው ላንድሪ ካቴናውን አገባለት። ደረጃውንም ይዞት ወጣ።

መርዶው ግን ቀርቷል፤ ኦዴሳ ለሌላ ሰው አልተወችውም።

የታርፕሊ ቤት በር ገርበብ ብሎ ነበር። ቨርና ሐምራዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እንግዳዋን ስታይ ፊቷ በራ።

«ሉሺየስ ልኮሽ ነው የኔ ልጅ? ዛሬ የማሰማሽ ነገር አለኝ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ልቤን አንጠልጥሎታል። እንዳታረፍጂ ብሎኛል፤ ይኸው ለብሼ ጨርሻለሁ። ጫማዬን ብቻ አላሰርኩም፤ ጣቴ እምቢ አለኝ።»

ኦዴሳ ባጇን ወደ ኪሷ መለሰች። ከወንበሩ ፊት ተንበረከከችና ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አሰረችላት።

ከዚያ ሁለቱን የተቆራመዱ እጆች ያዘችና ነገረቻት።