አንድ ዓሣ ለሁለት ቤት

«አትጎትተው! ክሩን ትበጥሰዋለህ!»

ከዲሮ ይህን ሲጮህ ክሩ ተበጥሶ አልቋል። ፍሰሐ ሸምበቆውን እንደያዘ ወደ ኋላው ተንገዳገደና ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። መንጠቆው ውሃው ውስጥ ካለ የዛፍ ሥር ጋር ተያይዞ ቀረ። ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ሦስተኛው ነው። አሁን ከዲሮ ሸምበቆ ላይ ካለው ሌላ የቀራቸው አንድ መንጠቆ ብቻ ነበር።

«አልኩህ እኮ!» አለ ከዲሮ።

«ያልከኝማ ከተበጠሰ በኋላ ነው።»

ፍሰሐ ከጭቃው ተነስቶ ሱሪውን ከኋላ ዳበሰ። እናቱ ትናንት ያጠበችው ሱሪ ነው። ወንዙንም፣ ሱሪውንም፣ ከዲሮንም በአንድ አፍ ሊራገም ከጅሎት ነበር፤ ከየትኛው እንደሚጀምር ግን ግራ ገባው።

የከታር ወንዝ ሌላ ጊዜ በግንቦት ኩልል ብሎ ነበር የሚወርደው። ሌሊት ከላይ በቆጂ ዘንቦ ኖሮ ዛሬ ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። የከዲሮ አባት ጋሽ ቱፋ ግራር ሥር ተጋድመው በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ነገር ይደጋግማሉ። «ይሄ ውሃ ዛሬ ዓሣ አይሰጥም፤ አቦ፣ አትልፉ!» ይላሉ። ይህን ማወቃቸው ካልቀረ ጠዋት ከአሰላ ሳይነሱ ቢነግሯቸው ምን ነበረበት?

የሁለቱ ልጆች ቤተሰቦች አሰላ ውስጥ በአንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። የውሃ ቧንቧው አንድ ነው፤ የልብስ ማስጫው ገመድም አንድ። እትዬ በቀለች፣ የፍሰሐ እናት፣ ገበያ ስትሄድ ቤቷን ለከዲሮ እናት ለአዴ ፋጡ አደራ ብላ ነው። አንድ ያልሆነው ሥጋው ብቻ ነው። በፋሲካ የፍሰሐ ቤት ዶሮ የከዲሮን ደጃፍ አያልፍም፤ በአረፋም የእነከዲሮ በግ ወደዚህ አይሻገርም። የክርስቲያኑን እስላሙ አይበላም፣ የእስላሙንም ክርስቲያኑ። በዚህ የሚቀየም ሰው የለም፤ ሲወለዱም እንዲሁ ነው ያገኙት።

ዓሣ ግን አይታረድም። ስለዚህ በየዓመቱ ክረምቱ ሳይገባ ሁለቱ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከታር ይወርዳሉ፤ ያን ዕለት ማታም ሁለቱ ቤተሰቦች ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሽሮ አብሮ መብላትማ ዓመቱን ሙሉ አለ። ፍሰሐ ከአውዳመቶቹ ሁሉ አስበልጦ የሚጠብቀው ያቺን ማታ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ የመጨረሻዋ ናት። ጋሽ ቱፋን መሥሪያ ቤታቸው ወደ ጎበሳ አዛውሯቸው፣ ረቡዕ ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ። ዓሣ ለማጥመድ ፋሲካ እስኪያልፍ ተጠበቀ፤ ከዚያ ረመዳን ገባ። ረመዳን ሲፈታ ደግሞ የመጀመሪያውን እሁድ ቀበሌው ነጠቃቸው፤ ተማሪ ወዛደር ሳይባል ሁሉም ለአዲሱ መንደር ቤቶች ሣር ሲሸከም ዋለ። የቀረችው ይቺ የግንቦት የመጨረሻ እሁድ ብቻ ነበረች። የፍሰሐ አባት ወልደ ሚካኤል እንኳ የሉም። የእርዳታ እህል ለማመላለስ ከነመኪናቸው አሰብ ከተመደቡ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው።

«ዛሬ ባዶ እጃችንን ከገባን፣ በቃ፣ ቀረ ማለት ነው» አለ ፍሰሐ፣ የመጨረሻውን መንጠቆ ክሩ ላይ እየቋጠረ።

በዚያው ቅጽበት የከዲሮ ሸምበቆ ጎበጠ።

«ያዘ! ፍሰሐ፣ ያዘ!»

ሁለቱም ተረባርበው ጎተቱት። ከድፍርሱ ውሃ የወጣው ጥቁር፣ ልሙጥ፣ እንደ ድመት ጢም ያለው አምባዛ ነበር። ከክንድ ይረዝማል። ፍሰሐ እልል ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። ከዲሮም ዓሣውን እያየ ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ።

«እትዬ በቀለች አይበሉትም፣ አይደል?»

«አትበላውም። ቅርፊት የለውም። የነፍስ አባቷ ከልክለዋታል።»

«ኧረ ጉድ ነው!» አለ ከዲሮ። አምባዛውን ትንሽ በእጁ መዘነው። ከዚያ መንጠቆውን ከአፉ አላቀቀና መልሶ ወንዙ ውስጥ ወረወረው። እጁን በሱሪው ጠርጎ አዲስ ትል ፍለጋ ጭቃውን መጫር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የከዲሮም ክር ተበጠሰ። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ጠዋት ያመጣቸው፣ ለአዲሱ መንደር ሣር የሚያመላልሰው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ እንዳያመልጣቸው ጋሽ ቱፋ ወደ መንገዱ ወጡ። «ዕቃ ሰብስቡና ተከተሉኝ» ብለዋቸዋል።

«አንዴ ብቻ» አለ ፍሰሐ።

«አሥር ጊዜ አንዴ ብለሃል።»

«አንዴ ብቻ አልኩህ!»

ከዲሮ እየተነጫነጨ ባልዲውን ሊያጥብ ሄደ። ፍሰሐ መንጠቆውን ውሃው ውስጥ ጣለ። ወዲያው ክሩ ተወጠረ፤ ደግሞ ሥር ያዘብኝ ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር። ሥሩ ግን ተንቀሳቀሰ። ፍሰሐ ሸምበቆውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ዳገቱ ሮጠ፤ ከኋላው አንድ ትልቅ፣ ብር የመሰለ፣ ቅርፊቱ የሚያብለጨልጭ ዓሣ ሣሩ ላይ ወጣ። ሁለቱን ቤት የሚያጠግብ ዓሣ ነው።

መንጠቆው ከአፉ ወለቀ። ዓሣው ዘለለ፤ ደገመና ወደ ውሃው አንድ ክንድ ቀረው። ፍሰሐ በደረቱ ተደፋበት። አመለጠው። በጉልበቱ ተጫነው፤ በግራ እጁ ራሱን ጨመቀ፤ በቀኙ ከኪሱ ቢላዋ አወጣ።

አባቱ አሰብ ከሄዱ ወዲህ ፍሰሐ የግቢው አራጅ ሆኗል። ባሏ ዘመቻ የሄደባትም፣ የሞተባትም፣ አውዳመት በመጣ ቁጥር አውራ ዶሮዋን በብብቷ ይዛ «ፍሰሐዬ፣ ና ባርክልኝ» ትላለች። ባለፈው ፋሲካ ብቻ ሰባት ዶሮ አርዷል። በአሥራ አራት ዓመቱ እንደ ትልቅ ሰው መጠራቱ ደስ ይለዋል፤ ለሰው አይናገረውም እንጂ። አሁን እጁ ቢላዋ ከጨበጠ አፉ ፈቃድ አይጠይቅም።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን» አለና ከጉሮሮው ሥር ሳበው።

ዓሣው ተንፈራግጦ ጸጥ አለ። ፍሰሐ እያለከለከ ቀና ሲል ከዲሮ ባልዲውን አንጠልጥሎ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል።

«ምን አደረግክ?»

«ሊያመልጥ ነበር እኮ!»

«እሱን አላልኩህም። ምን አልክ?»

ፍሰሐ ያለውን ያኔ ነው ለራሱ የሰማው።

«አንተ፣ ዶሮ መሰለህ እንዴ?» አለ ከዲሮ። «አንድ ዓሣ! ቀኑን ሙሉ አንድ ዓሣ! እሱንም ባረክኸው!»

«ሳላስበው ነው። ዓሣ ደግሞ አይታረድም፤ ምንም አይደለም፣ አይደል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሼህ ነኝ እንዴ? አዴ ከሰማች ግን አትነካውም። አውቃታለሁ።»

ፍሰሐ ሌላ ዓሣ ለመያዝ ብድግ አለ። የመጨረሻው መንጠቆ ግን ሣሩ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። በእጁም በእግሩም ዳበሰ፤ አጣው። ከላይ ጋሽ ቱፋ እየተጣሩ ነው።

ከዲሮ ዓሣውን አንስቶ ደሙን ወንዙ ውስጥ አጠበና በእርጥብ ሣር ጠቀለለው። «ማንም አልሰማም» አለ። «እኔም አልሰማሁም።»

«ሰምተሃል እኮ።»

«አልሰማሁም አልኩህ! ረቡዕ እንሄዳለን፤ ገባህ? ዛሬ ማታ ሁላችንም አብረን እንበላለን፣ በቃ። አፍህን ዝጋ።»

የሣሩ መኪና ሳይመጣ ቀረ። አንድ ሰዓት ያህል በእግራቸው ዳገቱን ከወጡ በኋላ በቆሎ የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና አሳፈራቸው። ጆንያው ላይ ሆነው ጋሽ ቱፋ ሣሩን ገለጥ እያደረጉ ዓሣውን ያያሉ፤ የፍሰሐንም ትከሻ መታ መታ ያደርጋሉ። «የወልደ ሚካኤል ልጅ አላሳፈረንም!» አሉ። አንዴ ቢሉት ይበቃ ነበር፤ አራት ጊዜ አሉት። ፍሰሐ በየጊዜው ዓይኑን ወደ ጭላሎ ተራራ አዞረ። በራሱ ተናዷል። «አፍህን ዝጋ» ባለው በከዲሮም ተናዷል። ከዲሮ ለእትዬ በቀለች ብሎ መልሶ የወረወረውን አምባዛ ሲያስታውስ ግን ንዴቱ ይበልጥ ወደ ራሱ ይመለስበታል።

ግቢው ደርሰው አዴ ፋጡ ዓሣውን ሊከትፉ ሲዘረጉት ጉሮሮው ላይ ያለውን ቁስል አዩ። «ይሄ ምንድነው? ማን ቆረጠው?» አሉ።

«ድንጋይ ነው፣ አዴ» አለ ከዲሮ ፈጠን ብሎ። «ሲዘል ድንጋይ ላይ ወድቆ ነው።»

«ኤዬ፣ ኤዬ። ምስኪን!» አሉና ቢላዋቸውን አነሱ።

ፍሰሐ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አሁን ነው፣ አሁን ልናገር፣ አለ በሆዱ። ዘይቱ ጢስ አለ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ከጠዋት ጀምሮ ከአንድ እፍኝ ቆሎ በቀር ያልቀመሰው ሆዱ ጮኸ። በርጩማ ሊያወጣ ሄደ።

ፀሐይዋ ስትጠልቅ ትሪው መሀል ቀረበ። ጋሽ ቱፋ፣ እትዬ በቀለች፣ አዴ ፋጡ፣ ከዲሮና ፍሰሐ በርጩማቸውን ስበው ከበቡት። እጅ ታጠበ። እትዬ በቀለች «ወልዴም ቢኖር ኖሮ» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን አበሰች። አዴ ፋጡ «ቢስሚላሂ» አሉና እንጀራ ቆርሰው ከዓሣው ወፍራሙን ጠቀለሉ።

«አዴ ፋጡ፣ ይቆዩ!»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዲሮ በትሪው ሥር የፍሰሐን እግር ረገጠው። ፍሰሐ እግሩን አልሳበም።

«ድንጋይ አይደለም። እኔ ነኝ ያረድኩት። ባርኬ ነው ያረድኩት። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።»

«ወይኔ ልጄ!» አለች እናቱ።

ጋሽ ቱፋ ሳቅ አሉ። «አንተ ደግሞ! ዓሣ ከውሃ ከወጣ አለቀለት፤ ማንም አያርደውም። ብሉ፣ ብሉ!» ብለው ጎረሱ። ተከትሎ የሳቀ ግን አልነበረም።

አዴ ፋጡ የጠቀለሉትን ቀስ ብለው ትሪው ጠርዝ ላይ አኖሩት። ልጃቸውን አዩት። «ከዲሮ፣ ድንጋይ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?» ከዲሮ አቀረቀረ። ከዚያ ወደ ፍሰሐ ዞሩ።

«አልቀየምኩህም፣ ልጄ። ጋሽህ እንዳለው ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ መሆኑን እያወቅኩ ሆዴ አይቀበልልኝም። እናንተ ብሉ።»

ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። ፍሰሐ የማይመለሱ መስሎት አንገቱን ደፋ። ትንሽ ቆይተው በሰሃን የቃሪያ ቆጭቆጫ ይዘው ተመለሱና እዚያው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሰሃኑን በራሳቸው በኩል አስጠግተው እንጀራውን በቆጭቆጫ ይበሉ ጀመር።

«አየህ? አበላሸኸው» አለ ከዲሮ በሹክሹክታ። ዓይኑ ቀልቷል። ዓሣውን በእልህ ቆርሶ ጎረሰ፤ ፍሰሐንም ዳግም አላየውም።

ፍሰሐ ዓሣውን አየው። ጫፍ ጫፉ ተጠብሶ፣ መሀሉ ነጭ ሆኖ፣ ሎሚ ተጨምቆበታል። ምራቁን ዋጠ። ከዚያ በርጩማውን አንስቶ በትሪው ዞረና አዴ ፋጡ አጠገብ አስቀመጠው።

«ምን ሆንክ? ሂድ ዓሣህን ብላ። ቀኑን ሙሉ የለፋህበት አይደል?» አሉት።

«ከእርስዎ ጋር ነው የምበላው።»

እንጀራ ቆርሶ ቆጭቆጫው ውስጥ ነከረና ጎረሰ። ምላሱን እሳት ላጠው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አፍንጫው ፈሰሰ። አዴ ፋጡ የራሳቸውን የውሃ ጣሳ ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ እንጀራ ደግሞ ቆረሰ።