የሆሳዕናው የሻይ ኬክ

ትሕትና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ቀጨኔ፣ አቀበቱ ላይ ባለ አንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ሰርካለምና ገና ሁለት ዓመት ከሞላው ወንድሟ ከስብሐት ጋር ነው። ስሟ ትሕትና ስለሆነ ሁልጊዜ ትሑት ናት እንዳትሉ። እንደ እናንተው ናት፤ አንዳንድ ቀን ታዛዥ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ።

እናቷ የጾም ኬክ በመጋገር የታወቀች ናት። የጾም ኬክ ወተት የለው፣ እንቁላል የለው፣ ቅቤ የለው። ታዲያ በምን ይጣፍጣል? በሻይ ነዋ። ወይዘሮ ሰርካለም ሻይ ቅጠሉን ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ጥዳ፣ ውኃው ግማሽ ሆኖ እስኪጠቁር ድረስ ታፈላዋለች። ከዚያ አጥልላና አቀዝቅዛ ከዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት ጋር ትለውሰዋለች። በየዓመቱ በሆሳዕና እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ይህን ኬክ ይበላሉ። የሚቆርሱላቸው እማሆይ ወለተማርያም የሚባሉ አሮጊት መነኩሲት ናቸው። እሳቸው የመጀመሪያውን ቁራሽ ቀምሰው «በሉ ልጆቼ» ካላሉ ማንም እጁን አይዘረጋም።

ዘንድሮም በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወይዘሮ ሰርካለም ዱቄቱን ነፍታ፣ ሻዩን ጥዳ ሳለ የጎረቤት መርዶ መጣ። ለቅሶ ልትደርስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

«እኔ እጨርሰዋለሁ፣ እማዬ» አለች ትሕትና።

እናቷ ትንሽ አመነታች። «ከስቶቩ እንዳትለዪ። ግማሽ ሲሆን አውርደሽ አጥልዪው። ሲቀዘቅዝ ለውሰሽ ኦቭኑ ውስጥ ክተቺው። ሻይ ቅጠላችን ይኸው ብቻ ነው፣ አደራ።»

«እሺ።»

«የስብሐት ወተት ጆጉ ውስጥ አለ። ከእንቅልፉ ሲነቃ ስጪው።»

እናቷ ከወጣች አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ የጎረቤቷ ልጅ ሊሚ በር ላይ ብቅ አለች። ደጅ ሰኞ ማክሰኞ በከሰል ሥላለች።

«አንዴ ብቻ እንጫወት» አለች ሊሚ።

«ሻይ ጥጃለሁ።»

«ሻይ እግር የለው፣ የት ይሄድብሻል?»

ትሕትና ወደ ድስቱ አየች፣ ወደ ደጅ አየች። ወጣች። አንዴ ብቻ የተባለው ጨዋታ አራት ጊዜ ሆነ። በአምስተኛው ላይ አንድ እግሯን አንሥታ ሳለ የጢስ ሽታ አፍንጫዋ ገባ።

ልጆች፣ ሻይ እግር የለውም፤ ግን ይሄዳል። ድስቱ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውኃ አልቀረም። ቅጠሉ ከሥሩ ተጣብቆ ይጨሳል። ትሕትና ስቶቩን አጥፍታ ወደ ሱቅ ሮጠች፣ ሱቁ ዝግ ነው። ባለሱቁ ጋሽ መሸሻም ለቅሶ ቤት ሄደዋል። ተመልሳ መጣችና መሐል ቤቱ ቆመች።  «እማዬ ስትመጣ ምን እላለሁ? ከእንግዲህ ማድ ቤት ድርሽ አታስብለኝም» አለች በልቧ።

ዓይኗ ጆጉ ላይ ያረፈው ይኼኔ ነው።

ወተት። ለፋሲካ የሚጋገረው ኬክ በወተት ነው የሚለወሰው፣ ያውም እንደ ጥጥ ይለሰልሳል። ጾም መሆኑን ረሳችው? አልረሳችም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አሳምራ ታውቃለች። ግን ፍርሃት ሲይዘን ከፊታችን ያለውን ብቻ ነው የምናየው፤ ለእሷም የታያት የእናቷ ቁጣ ብቻ ነበር። «ማን ያውቃል?» አለች። ወተቱን ያረረው ድስት ውስጥ ገልብጣ አፈላችው። ቡናማ ሆነ፣ ቀረፋ ቀረፋ ሸተተ። አጥልላ፣ ለውሳ፣ ኦቭኑ ውስጥ ከተተችው። ጆጉን አጠበች። ውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ወደ በሩ ትዞር ነበር።

እናቷ ስትመለስ ኬኩ ወጥቶ ነበር። «ሻዩ ትንሽ አረር ብሏል፤ ግን እንዲህ አምሮ ያበጠበትን ቀን አላውቅም። እኔንም በለጥሽኝ፣ የኔ ጎበዝ» አለቻት። ምስጋናው ትሕትናን እንደ እሾህ ወጋት።

«ስብሐት ወተቱን ጠጣ?»

«አዎ… ጨረሰውና መልሶ ተኛ።»

አያችሁ፣ አንዱ ውሸት ሌላውን ጎትቶ አመጣው። ስብሐት ነቅቶ ወደ ጆጉ እጁን እየዘረጋ ሲያለቅስ እናቱ «አሁን ጠጥተህ? አንተ ሆዳም!» ብላ ሳቀችበትና ዳቦ ሰጠችው። ትሕትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። 

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሁሉም የዘንባባ ቀለበት አጥልቋል። ቅዳሴው ሲያልቅ ልጆቹ አዳራሽ ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። እማሆይ ወለተማርያም መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ቀስ እያሉ መጡ።

«ወይዘሮ ሰርካለም፣ ሃምሳ ዓመት ጾሜ ዘንድሮ አቅም አጣሁ» አሉ። «ይህችን ቁራሽ እያሰብኩ ነው ሳምንቱን የገፋሁት።»

ትሕትና ይህን ስትሰማ ቀለበቷን እያሽከረከረች፣ እያሽከረከረች በጠሰችው። «አሁን ብናገር ሁሉም ይስቅብኛል። እማዬ ታፍራለች። ዝም ብል ደግሞ እማሆይ ሊበሉት ነው።» አባታችን ሆይ መጸለይ ተጀመረ። «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ሲደርሱ ድምፅዋ ጠፋ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

እማሆይ ኬኩን ቆረሱ። ቁራሹን አነሡ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ወደ አፋቸው የሚሄደው በዝግታ ነበር። ለትሕትና ግን በጣም ፈጠነባት።

ተነሥታ ሮጠች። የእማሆይን እጅ ያዘች።

«አይብሉት፣ እማሆይ። ወተት አለበት። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

 ወይዘሮ ሰርካለም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ትሕትና የእማሆይ ጉልበት ላይ ወድቃ ሁሉንም ተናገረች፤ ሰኞ ማክሰኞውን፣ ያረረውን ሻይ፣ የስብሐትን ወተት፣ ውሸቷን። እንባዋ የእማሆይን ቀሚስ አራሰው።

እማሆይ ቁራሹን ወደ ትሪው መለሱና ራሷን ዳሰሱ። «ሳላውቅ ብበላው እግዚአብሔር አይቆጥርብኝም ነበር፣ ልጄ» አሉ። «አንቺ ግን ይህን ጭንቀት ተሸክመሽ ትኖሪ ነበር። አሁን ቀለለሽ?»

«ቀለለኝ፣ እማሆይ።»

«እንግዲያው ተነሺ። ምግብ አይጣልም። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ወደዚህ ይምጡ፣ እነሱ አይጾሙም። አንቺ ታድያቸዋለሽ።»

ትሕትና ሳህኑን ይዛ ዞረች። አንድ ፍርፋሪ እንኳ ወደ አፏ አላስጠጋችም። ትላልቆቹ ልጆች ዘንድሮ ኬክ ቀርቶባቸው ቆሎ ቆረጠሙ፤ አንዳንዶቹ በጎሪጥ አዩዋት፣ እሱንም ቻለችው። ትልቁን ቁራሽ ለስብሐት ሰጠችው። የእሱ ወተት ነው፣ አይደል? ሁለቱን ጉንጮቹን ሞልቶ በላ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ ስብሐትን አዝላ ከፊት ከፊት ሄደች። ትሕትና ከኋላ ከኋላ ተከተለቻት። ግቢያቸው በር ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ሰርካለም ቆመች።

«ሻዩ አረረብኝ ብትዪኝ ምን አደርግሽ ነበር?»

«ትቆጪኝ ነበር።»

«አዎ፣ እቆጣሽ ነበር። ከዚያስ?»

ትሕትና አሰበች፣ አሰበች። ከዚያ ወዲያ ምንም አልነበረም። ጋሽ መሸሻ ከለቅሶ ሲመለሱ ሻይ ቅጠል ይገዛል፣ እንደገና ይጣዳል፣ በቃ። ያ ሁሉ ፍርሃት ለዚህች ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት ለእማሆይ ሌላ ኬክ ተጋገረ። ሻዩን የጣደችው ትሕትና ናት። እናቷ ብቻዋን ትታት ወጣች፣ አውቃ ነው የወጣችው። ሊሚ በር ላይ ብቅ ብላ «ነይ፣ አንዴ ብቻ» አለቻት።

«አልችልም» አለች ትሕትና፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል። «ይሄ ሻይ እግር አለው።»

እናንተም ልጆች፣ ስታጠፉ ጥፋታችሁን በውሸት አትሸፍኑት፣ ቶሎ ብላችሁ ተናገሩ፤ የተናገራችሁት ጥፋት ይቅር ይባላል፣ የደበቃችሁት ግን እያስፈራችሁ ይኖራል።