ቀዩ መስመር ብቻውን

ሟቹ የተገኘው ለዓመታት ሲመኘው በኖረው የመኪና ወንበር ላይ ነው። እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው፤ ጭንቅላቱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል፤ ፊቱም የቀላ ስለሆነ ያንቀላፋ እንጂ የሞተ አይመስልም። የጋራዡ በር ተዘግቷል። የስፖርት መኪናዋ ነዳጇን ጨርሳ ቆማለች፤ ቁልፏ ግን እንደዞረ ነው። ቤቱ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል።

«ይሄማ ግልጽ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው። «ስንት ዘመን የለፋባትን መኪና አስነሳ፤ ከደስታው ብዛት በሩን መክፈት ረሳ፤ ጭሱ ገደለው።»

መርማሪዋ በአንገቷ ያንጠለጠለችውን መነጽር አድርጋ የሟቹን ፀጉር ከማጅራቱ ላይ ገለጥ አደረገች። ያበጠና ደም የደረቀበት ቁስል አለ።

«ደስታው ማጅራቱንም መታው እንዴ?»

ሃምሳ አለቃው ምንም አላፈረም። «እንግዲያማ ሚስቱ ናት!» አለ ወዲያው። አንዳንድ ሰው ሲሳሳት እንኳ ጊዜ አያባክንም!

እውነት ለመናገር፣ ሰውዬው ያለ ምክንያት አልተናገረም። ሚስትየዋ «ከዚች ቆርቆሮ ጋር አንድ ቀን በእሳት አያይዝሃለሁ!» ስትል ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እኔ ግን አልፈርድባትም። መኪናዋ ወደዚህ ግቢ ስትገባ ሞተሯ በአንድ ካርቶን፣ ወንበሯ በሌላ ካርቶን ነበር የመጣው። አንዱ ሲገጠም ሌላው ይበላሻል። ከውጭ የታዘዘው ዕቃ ወራት አስጠብቆ በልኩ ሳይሆን ይመጣል። በመጨረሻ ተነሳች ሲባል ደግሞ የዘይት ቧንቧዋ ብሎን ላልቶ ኖሮ ተርቦዋ ወዲያው ተቃጠለ። ተርቦ በሞተሩ ጭስ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚያጎርስ ዕቃ ነው፤ ዘይት ለአፍታ ካጣ አለቀለት። ያን ዕለት ባልየው እራት አልበላም፤ ሚስትየዋም አላባበለችውም።

መርማሪዋ ያገኘቻት ኮሪደር ላይ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪናዋ በፍሪጁና በጫማ መደርደሪያው መካከል ተሸጉጧል። ሰው ባለፈ ቁጥር ወንበሯን ስባ ማሳለፍ አለባት።

«ሌሊት ሞተሩ ሲነሳ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። ሰምቼ ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።»

«ለምን?»

«በቅርቡ ማለልኝ። ‹በቃኝ፣ ፈትቼ እሸጣታለሁ፣ ጋራዡ የአንቺ የስፌት ቤት ይሆናል› አለኝ። ትናንት እንኳ ክር ይዞ እየመጣ ሲያስቀኝ ነው የዋለው። ከዚያ ሌሊት ሞተሩን ስሰማ ዋሸኝ አልኩ።» የያዘችውን ጨርቅ ጨመደደች። «ተኝቼ ሰደብኩት። እሱ እየሞተ እኔ እሰድበው ነበር! ከፈለጋችሁ እሰሩኝ። ዋሽቶኝ መሞቱ ነው አንጀቴን ያቃጠለው።»

ታናሽ ወንድሙ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ወሬውን ሰምቶ ከመንገድ ሲመጣ ገና ከበሩ ላይ ነበር የጮኸው። «ጋሼን የበላችው እሷ ናት!»

«እርስዎ የት አደሩ?»

«አውቶቡሴ ውስጥ፣ ከረዳቴ ጋር። ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የመናኸሪያውን ዘበኛ ጠይቁት!»

ተጠየቀ፤ እውነት ሆነ። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ከወገቡ ፈታ። «እንግዲህ ማን ቀረ?» አለ።

«ሚዜው» አለች መርማሪዋ።

ሚዜው የሂሳብ አስተማሪ ነው። በሠርጉ ቀን ከሟቹ ጎን የቆመ፣ ከዚያም ቅዳሜና እሑዱን ሁሉ በዚህ ጋራዥ የጨረሰ ሰው ነው። ሸሚዙ ንጹሕ፣ ጥፍሮቹ ሥር ግን ግሪስ። ለቅሶው የውሸት አልነበረም፤ ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው።

«መጨረሻ የመጣሁት ባለፈው ሳምንት ነው። አዲሷን ተርቦ አብረን አሰርናት። ከዚያ ወዲህ ማንም መፍቻ አላሳረፈባትም።»

«በምን ያውቃሉ?»

«በቀለሙ ነዋ!» ዕንባውን በመዳፉ ጠረገና ፊቱ በራ። «የፊተኛዋ ከተቃጠለች ወዲህ ሕግ አወጣን። አንዱ ያሰረውን ሌላው ሳይፈትሽ አያልፍም። እሱ ሲያጠብቅ በብሎኑና በሥሩ ባለው ብረት ላይ ነጭ መስመር ያሰምራል፤ እኔ ቀይ። ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል፣ በዓይን ይታያል። የእሱ ነጭ ቀለም መደርደሪያው ላይ ነው። የእኔ ቀይ ይሄውላችሁ።» ከሸሚዙ ኪስ ትንሽ ጠርሙስ የጥፍር ቀለም አወጣ። «የሚስቴ ነው። ጥፍሯን መቀባት ሲያምራት ኪሴን ነው የምትበረብረው።»

«ሊሸጣት እንደነበር ያውቃሉ?»

«እሱ? ወሬ ነው! ያቺን ቁልፍ ማዞር ብቻ ቀርቶን?» ጠርሙሱን ቶሎ ወደ ኪሱ መለሰው።

መርማሪዋ ወደ ጋራዡ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ካርቶን አለ፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ በተርቦ ቅርጽ የተቆረጠ ነው፤ ስፖንጁ ላይ ደግሞ ገና ያልደረቀ የዘይት ጠብታ። ከጎኑ ማሸጊያ ፕላስተር ተቆርጦ ተዘጋጅቷል። ከጠረጴዛው ጫፍ ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ ታስሯል፤ በጥርሱ ላይ ፀጉር ተጣብቋል። ከመኪናዋ ኋላ ደግሞ ግድግዳው ላይ አንድ ረጅም ነጭ መስመር ተሰምሯል፤ አግድም ነው፣ ከወገብ ትንሽ ዝቅ ብሎ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመኪና ሥራ ነው መቼም» አለ ሃምሳ አለቃው።

መርማሪዋ ከሚስትየዋ የቦርሳ መስታወት ተዋሰች። የመኪናዋን ኮፈን ከፍታ መስታወቱን ከተርቦው ሥር አስገባች፤ አጎነበሰች፤ ቆየች። ከዚያ ጣቷን ሰዳ በጥፍሯ ጫረችና አሸተተችው። ቀና ስትል ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«ሁሉንም ጥራልኝ» አለች።

መኪናዋን ከብበው ቆሙ። ሚስትየዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ወንድምየው ፊቱን አዞረባት፤ ሚዜው ኮፈኑ አጠገብ ቆመ። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን እንደያዘ ነው።

«ትናንት ማታ» አለች መርማሪዋ፣ «ሟቹ እዚህ የገባው ሊገጥም ሳይሆን ሊፈታ ነው። ተርቦዋን አውርዶ ካርቶኗ ውስጥ አስተኝቷታል፤ ስፖንጁ ላይ ያለው ዘይት ትኩስ ነው። ፕላስተሩም ተቆርጦ ነበር፤ ማሸግ ብቻ ቀርቶታል። ያን ጊዜ ሰው መጣ። ተጣሉ፤ ተገፋ፤ ማጅራቱ ሞርሳው ላይ አረፈ።»

«ሚስቱ ናታ!» አለ ወንድምየው።

«ቆይ። ጠዋት ላይ ተርቦዋ የት ነበረች? ሞተሩ ላይ። ራሱን የሳተ ሰው መልሶ አይገጥማትም። የገፋው ሰው ነው የገጠማት። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። አደጋ ለማስመሰል ሰውየውን ከሞርሳው ሥር መተው ይበቃ ነበር። እሱን ጥሎ መኪናዋን ማዳን ለምን አስፈለገ? መኪናዋን የምትጠላ ሴት ይሄን ታደርጋለች?»



«የተርቦዋን የዘይት ቧንቧ የሚያስረው ብሎን ከሥር ነው፤ ያለ መስታወት አይታይም። የድሮው ነጭና ቀይ መስመር ሁለቱም ተሰብረዋል፤ ብሎኑ ተፈትቶ ነበር ማለት ነው። በላያቸው አዲስ መስመር አለ። ያልተሰበረ፣ ሽታው ያልለቀቀ። ቀይ ብቻ። የጥፍር ቀለም።»

«ሴት ናት አላልኩም?» አለ ሃምሳ አለቃው።

መርማሪዋ የሚስትየዋን እጅ ይዛ አሳየችው። ጥፍሮቿ አጭር ናቸው፤ ጣቶቿ በመርፌ ተወጋግተዋል፤ ቀለም የሚባል ነክቷቸው አያውቅም። «እሷን ለማስጠርጠር ቢሆን የሚታይ ቦታ ይቀባ ነበር። ይሄ ሆን ተብሎ የተሰመረ አይደለም። ያጠበቀውን ብሎን ሳያሰምር ማለፍ የማይችል እጅ ነው ያሰመረው።» ወደ ሚዜው ዞረች። «ካለፈው ሳምንት ወዲህ አልመጣሁም አሉኝ። እርስዎ ቀዩን አሰመሩ፤ ነጩን የሚያሰምረው ግን ወለሉ ላይ ተዘርሮ ነበር።»

ሚዜው ኪሱን ዳበሰ። ከዚያ እጁ ወደቀ።

«ሞቷል ብዬ ነው» አለ። «ካርቶን ውስጥ ሳያት ደሜ ፈላ። ስንት ቅዳሜያችንን! ልጆቼ አባታችን የት ነው ሲሉ እዚህ ነበርኩ። ገፋሁት። አልተንቀሳቀሰም። ቢያንስ ድምጿን ሳይሰማ አይቀበር አልኩ፤ ተርቦዋን ገጥሜ እሱን ወንበሯ ላይ አስቀመጥኩት፣ ቁልፏን አዙሬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።»

«አስከሬኑን ያየው ሐኪም የገደለው ጭሱ ነው ይላል» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ተርቦ ገጥሞ መጨረስ ቀላል ጊዜ አይወስድም። እርስዎ ብሎን ሲያጠብቁ እሱ ይተነፍስ ነበር።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ሲያስገባለት ሚዜው እጁን ራሱ ዘረጋ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ሚስትየዋ ዞሮ፣ «መኪናዋ ስትነሳ ሰማሻት አይደል?» አላት። «ሳል እንኳ አልነበረባትም።»

እግዜር ይይለት! እሷ ግን ቀና ብላም አላየችውም።

መርማሪዋ ከበርጩማው ጎን ቁጢጥ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለቻት። «ባልሽ አልዋሸሽም። ቃሉን ሲፈጽም ነው የሞተው። ትናንት ክር ይዞ መጣ ብለሻል፤ ምን አደረገበት?»

«ስሰፋ ከወለሉ እስከ ክርኔ እየወጠረ ያሾፍብኝ ነበር። ‹ቀሚስ ልታሰፋልኝ ነው?› ብለው ‹ዝም ብለሽ ስፊ› አለኝ።»

መርማሪዋ በጣቷ ግድግዳውን አሳየቻት። ሚስትየዋ በርጩማውን ይዛ በመኪናዋ ጎን አለፈች። ግድግዳው ሥር ተቀመጠችና ጨርቅ እንደምትገፋ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ክርኖቿ ነጩ መስመር ላይ አረፉ፤ ልክክ አሉ።

«የጠረጴዛዬ ልክ ነው» አለች። «እኔ ደግሞ ዋሸኝ አልኩት።»

ወንድምየው «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አላት። ሄዶ የጋራዡን በር ወለል አድርጎ ከፈተው፤ የቀረው ጭስ ሽታ ቀስ እያለ ወጣ። እሷ ከበርጩማው አልተነሳችም፤ ክርኖቿንም ከመስመሩ ላይ አላነሳችም።