የጾም ወር እንክብል

በሰባ ሰባት ዝናብ ቀረ። ሐይቅ ዳር ከብቱ አለቀ፤ ቀጥሎ ሰዉ። የአንዲት መምህርት ጡት ደረቀ። ጎረቤቷ ሂዳያ አንዱን ጡቷን ለልጇ ለጣይባ፣ ሌላውን ለመምህርቷ ልጅ ለዳግማዊት ሰጠች። ሁለቱም ተረፉ።

በሠላሳኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ ጣይባ መቀሌ ላይ ሞተች። መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ሐኪሞች ሕፃኑን በቀዶ ጥገና አተረፉት፤ እሷን ግን ከመርዙ ማዳን አልቻሉም።

ኢንስፔክተር ለተኪዳን በሓወልቲ ሰፈር ወዳለው የጣይባ ግቢ ስትገባ የሚያለቅስ አልነበረም። ሂዳያ የልጅ ልጇን ታቅፋ ግድግዳ ተደግፋለች። የጣይባ ባል ሳሊህ ጫማውን ያያል። እዚያው ግቢ ባለ ሌላ ቤት ደጃፍ ላይ ዳግማዊት የአራት ወር ልጇን ይዛ ቆማለች።

«ጣይባ ምን ቀመሰች?»

«የኔን እንክብል» አለች ዳግማዊት። «ጥሩ ባክቴሪያ ያለበት ነው፤ ለእናትም ለሕፃን አንጀትም ይበጃል ብለው ሐኪሞች ያዘዙልኝ። እርጉዝ ሆኜ ጀመርኩት፣ ሳጠባም ቀጠልኩ። ባሌ ሔሩይ ነው የሚያመጣልኝ።»

«ታዲያ እሷ እጅ እንዴት ገባ?»

«ከወተት የተሠራ ነው አሉኝ፤ ጾም ሲገባ ተውኩት። ከሚጣል ብዬ በየጠዋቱ ለጣይባ እሰጣት ነበር። ሳሊህም እማ ሂዳያም ያውቃሉ።»

«ሔሩይስ?»

«ማይጨው መንገድ ሥራ ላይ ነው። ከቅበላ በፊት ነው የወጣው። ይቆጣል ብዬ አልነገርኩትም።»

ሳሊህ ቀና አለ። «ሰጪዋ እሷ! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

በሂዳያ እቅፍ ያለው ሕፃን የጠባውን የዱቄት ወተት አስመለሰ። ዳግማዊት እጇን ዘረጋች።

«እንዳትነኪው!» አለ ሳሊህ። «ያንቺ ወተት አይደርስበትም።»

ዳግማዊት እጇን ሰበሰበች። «ዛሬ ሁሉም ነገር ግራ ነው» አለች በደረቀ ድምፅ። «ቅድም አጎቴ እንድርያስ ከደብረ ብርሃን ደወለ። ድምፄን ሲሰማ ጮኾ ስልኩን ጣለው።»

ለተኪዳን የአጎቷን ስልክ ቁጥር ተቀብላ ጻፈች። ከዚያ የእንክብሉን ብልቃጥ ከዳግማዊት ማቀዝቀዣ አወጣች። ግማሹን እንክብል ለላቦራቶሪ ላከች፤ ቀሪውን አንድ በአንድ እየፈታች፣ ለብ ያለ ወተት በያዙ ብርጭቆዎች ለየብቻ ጨመረች።

በማግስቱ ሁሉንም ሰበሰበች። ሔሩይም ደርሷል።

«ጥሩው ባክቴሪያ ወተት ያረጋል። ከአንዱ ብርጭቆ በቀር ሁሉም ረግቷል» አለች። «ብልቃጡ በሙሉ ተበላሽቶ ቢሆን አንዱም ባልረጋ። እንክብል ፈትቶ፣ መርዝ ሞልቶ፣ መልሶ የገጠመ እጅ አለ። ላቦራቶሪውም መርዝ አግኝቷል። ሟች መቼ እንደምትውጠው ለዕድል ትቶ ርቆ መሄድ ይቻላል።»

«ማነው?» አለ ሳሊህ።

«ይህ ግቢ እንክብሉ ወደ ጣይባ እንደሚሄድ ያውቃል። አንድ ሰው ግን አያውቅም። ሔሩይ፣ ፖሊስ ምን ብሎ ጠራህ?»

«ግቢያችሁ ሰው ሞቷል፣ ና።»

«እንድርያስን አነጋግሬዋለሁ። ገና መንገድ ላይ ሳለህ ደውለህ ‹ዳግማዊት አረፈች› ብለኸዋል። ማን ነገረህ?»

«ደንግጬ ነው።»

«የደነገጠ ‹ማን?› ይላል። አንተ መጠየቅ አላስፈለገህም። ማይጨው ሌላ ጎጆ መቀለስህን ባልደረቦችህ ነግረውናል።»

ሔሩይ ብርጭቆዎቹን አየ። ሚስቱን አላየም።

«መጾሟን አላሰብኩም» አለ።

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። የጣይባ ልጅ ማልቀስ ጀመረ፤ ድምፁ ደክሟል።

ሳሊህ ከሂዳያ እቅፍ ተቀበለው። ግቢውን አቋርጦ ዳግማዊት ፊት ቆመ።

«እህቴ፣ ያዥው።»

ተቀመጠች። አንዱን ጡቷን ለልጇ፣ ሌላውን ለጣይባ ልጅ ሰጠች። ሂዳያ አጠገቧ ተቀምጣ ሁለቱም እስኪጠግቡ ጠበቀች።