ከአሮጌው ጌም ሥር የጠፋው ጎማ

ኮንስታብል ቢሆነኝ ሲመጣ በለጠች ደጇ ላይ ተቀምጣ ከልጆቿ ጫማ የትናንቱን ጭቃ በስንጥር ትፍቅ ነበር። የፍኖተ ሰላም የነሐሴ ጭቃ ባለጌ ነው፤ ካልፋቁት አይለቅም፣ ሲፋቅም ግማሹ ወደ ፋቂው ይዛወራል። የኮንስታብሉ ሰላምታ ለወትሮው ረጅም ነበር። ያን ቀን ግን «እንዴት ዋሉ» እንኳ ሳይል፣ «ኢንስፔክተር አሉ?» አለ። «የጌም ቤቱ ጁማ ሞቷል። ወንድሙ ማህዲ ገድሎት፣ ዱላውን እንደያዘ ተይዟል።»

ስንጥሩ ከበለጠች እጅ ወደቀ። ጁማን ትናንት እሑድ ከሰዓት ስቆ ሲሸኛቸው ነበር የተለየችው። ባሏ ኢንስፔክተር ዓለምብርሃን ምሳውን ሳይጨርስ ቆቡን አንስቶ ወጣ።

ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ልጆቹ፣ ሕሊናና ምሥጋና፣ «ጌም ቤት ውሰደን» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተውት ነበር። ትናንት ቃሉን አከበረና አራቱም ወደ ቡሬ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ወዳለው የጁማ ቤት ሄዱ። ልጆቹ በቴሌቪዥን የሚጫወቱትን አዲሱን ጌም ሲሻሙ፣ አባትየው ጥግ ላይ የቆመውን ቁም ሳጥን የሚያክል አሮጌ ማሽን አየና እዚያው ቀለጠ። ሳንቲም እየዋጠ አውሮፕላን የሚያስተኩስ ነገር ነው። ጁማ ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ የተዘጋ መጠጥ ቤት ገዝቶ ያመጣው ሲሆን «ሽማግሌው» እያለ ይጠራዋል። ኢንስፔክተሩ በወጣትነቱ የምሳ ገንዘቡን ለእንዲህ ያለው ማሽን ሲያበላ ኖሯል። የወረዳውን ሌባ የሚያንቀጠቅጥ ሰው እጀታውን ጨብጦ እንደ ሕፃን ሲዘል አይታ ሕሊና በሳቅ እንባዋ ፈሰሰ። ወደ መጨረሻው መብራት ጠፋና ሁሉም በዳበሳ እየተሳሳቀ ወጣ። በለጠች እንደዚያ የተደሰተችበትን ቀን አታስታውስም።

ኢንስፔክተሩ ማታ ሲመለስ እራቱን አልነካም።

«ማህዲ አልገደለውም» አለ። «ጁማ ዱላ አላረፈበትም። ራሱም ጎኑም ደኅና ነው። ቀኝ መዳፉ ላይ ብቻ ተቃጥሏል። እግሩ ባዶ ነበር፣ እርጥብም ነበር። ኤሌክትሪክ ነው የያዘው።»

«ማህዲ ታዲያ ምን ይላል?»

«‹ገደልሁት› ይላል። ሌላ ቃል አይወጣውም። ጠዋት ማሽኑን ይሸጥ አይሸጥ እያሉ ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሰምቷል። አለቃዬም ‹ያመነ ሰው እያለ ምን ያደክምሃል፣ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ አሳልፍ› ብሎኛል። ካሳለፍሁት ልጁ ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል። አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ከማሽኑ ፊት ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ አለ። ሌላው ሲሚንቶ ጠቁሯል፣ እሱ ብቻ ነጭ ነው። ትናንት ስጫወት የቆምሁበት የተነጠፈ ጎማ ነበር እዚያ። ጁማ ‹ከጎማው አትውረድ፣ ሽማግሌው ይነዝራል› ብሎኛል። ዛሬ ጎማው የለም። አንች አይተሽዋል?»

በለጠች ጎማውን አስታወሰች። ልጆቹ ትናንት ቆሎ ሊገዙ ወጥተው ጫማቸው ጭቃ ጠጥቶ ሲመለሱ፣ በሰው ቤት እንዲህ መግባት ነውር ሆኖባት ዙሪያዋን ቃኘች። አሮጌው ማሽን ሥር ከጭነት መኪና ጎማ የተቆረጠ ምንጣፍ ነገር አየች። ባሏ ጨዋታውን ጨርሶ ከማሽኑ ስለራቀ ጎትታ ከበሩ አጠገብ ዘረጋችና ሁለቱንም «ጥረጉ!» ብላ ቆጣች። እሷ ከቴሌቪዥኖቹ ጫጫታ ጋር ስለነበረች የጁማን ማስጠንቀቂያ አልሰማችም። ልመልሰው ስትል መብራቱ ጠፋ።

«አላየሁም» አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ኢንስፔክተሩ እራቱን እንደተወው ከገበታው ተነሳ።

ጁማ በማግሥቱ ተቀበረ። በለጠች ለቅሶ ቤት ሄዳ ከሟቹ ሚስት ከናዚፋ አጠገብ ተቀመጠች። ናዚፋ በዕድሜ ትልቅ ስለሆነች በለጠች «እታለም» ነው የምትላት። ናዚፋ እጇን ያዘቻት። በለጠች እጇን መንጠቅ አማራት፣ ግን አልቻለችም። ሰው የገደለ እጅ በሟች ሚስት እጅ ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?

ኢንስፔክተሩ መጥቶ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። «ወይዘሮ ናዚፋ፣ ያጽናዎት። በዚህ ሰዓት መጠየቄ ነውር ነው። ጁማን ባዶ እግሩን ከማሽኑ ፊት ምን አቆመው?»

«ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ እግሩን ታጥቦ ውዱእ አድርጎ ነበር» አለች ናዚፋ። «ጫማውን መስገጃው ዳር አወለቀ። ያን ጊዜ ከትናንት ወዲያ የጠፋው መብራት መጣ። ሽማግሌው ሲበራ ሙዚቃው ቤት ያናውጣል፣ በዚያ ጩኸት እንዴት ይሰገዳል? ከነእርጥብ እግሩ ሊያጠፋው ሄደ። ሄደ፣ ቀረ።»

«ከፊቱ የነበረው ጎማስ?»

ናዚፋ ዓይኗን ሰበረች። «እኔ ምን አውቄ» አለች። ‹አይታኛለች፣ ስለ ባሌ ብላ ነው የደበቀችው› አለች በለጠች በሆዷ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አምላኩ በሩ ዳር ቆሞ ነበር። ሳይጠይቁት ጀመረ። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ ኢንስፔክተር። ይኸ ማሽን አካሉ ኤሌክትሪክ ይዟል፣ መሬት የሚቀበር ሽቦ ይሻል ብየ ነበር። ጁማም ‹ክረምቱ ይለፍ› አለኝ። እስከዚያው ብየ ጎማውን ቆርጬ ያነጠፍሁለት እኔው ነኝ። ጎማ ለሥራ መተኪያ ይሆናል? በግድ ልሠራለት ይገባ ነበር።»

«ጎማውን ካነጠፍህለት ወዲህ ነክተኸዋል?»

«እኔ? ለምን ብየ? ጁማ ራሱ ሲጠርግ እንኳ ዙሪያውን ነበር የሚጠርገው።»

ኢንስፔክተሩ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። በለጠች በክፍቱ የጓሮ በር አየችው። አጥሩ ላይ የተሰጣ ጥቁር ነገር አገላበጠ። ከሳር ስንጥር ቀጥፎ የጎማውን ስንጥቅ ቆረቆረ። መዳፉ ላይ የወደቀውን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ አየ።

በለጠች ያን ጊዜ ማወቁን አወቀች።

ከለቅሶ ስትነሳ የናዚፋ ዘመዶች ለማህዲ ስንቅ የሚያደርስ ሰው ሲፈልጉ «እኔ ላድርሰው» አለች። ለምን እንዳለች ራሷም አላወቀችም። ጣቢያው ስትደርስ ባሏ ማህዲን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ይጠይቅ ነበር፤ አይቷት ውጪ አላላትም።

«ገደልሁት አልህ። በምን ገደልኸው?»

ማህዲ ቀና አለ። እስካሁን ይህን የጠየቀው አልነበረም። «ዱላውን ያነሳሁት ላላቅቀው ነው» አለ። «በእጄ ከነካሁት እኔም እቀራለሁ አልሁ። በደረቅ እንጨት ገፋሁት። ሲወድቅ አልቆለት ነበር።»

«ታዲያ ግድያው የቱ ላይ ነው?»

«እሑድ መብራት ሲጠፋ አያ ጁማ ‹ሽማግሌውን ከሶኬት ንቀለው› አለኝ። ይሸጥ ስለው እምቢ ስላለኝ አኩርፌ ነበር። ራሱ ይንቀለው ብየ ተኛሁ። ነቅየው ቢሆን መብራቱ ሲመጣ ባልበራ። ወንድሜን በኩርፊያ ገደልሁት።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

በለጠች ስንቁን አስቀምጣ ወጣች። በመንገዱ ሁሉ ‹ልናገር፣ ልናገር› እያለች ቤቷ ደረሰች። ማታ ባሏ «የምትነግሪኝ ነገር አለ?» ሲላት ግን አፏ «የለም» አለ። የሚፈርድባት ሕግ አይደለም ያስፈራት። የናዚፋ ዓይን ነው። ቀጥሎም የልጆቿ፤ በጭቃቸው ሰበብ ሰው እንደሞተ ሲሰሙ ምን ብለው ያድጋሉ?

በሦስተኛው ቀን ኢንስፔክተሩ ናዚፋን፣ አምላኩንና ማህዲን ጌም ቤቱ ውስጥ ሰበሰበ። ኮንስታብል ቢሆነኝ በሩ ላይ ቆመ። ጠዋት ሲወጣ ለበለጠች «አንችም ነይ» ብቻ ነበር ያላት።

ሽማግሌው ጥግ ላይ ጨልሞ ቆሟል። ኢንስፔክተሩ ጎማውን ይዞ ጀመረ።

«ጁማን ሰው በክፉ አልነካውም። ዱላው ደረቅ ነው፣ ደም የለበትም፤ ማህዲ ወንድሙን ሊያላቅቅ ያነሳው ነው። ማሽኑ መንዘሩን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጁማ ግን ስንት ጊዜ ሲነካው ያልሞተ ሰኞ ዕለት ለምን ሞተ? እግሩ ባዶና እርጥብ ስለነበረ ነው። ያም ሆኖ እግሩ ጎማው ላይ ቢያርፍ ይተርፍ ነበር። ጁማ ጆሮው ሙዚቃው ላይ፣ ልቡ ሶላቱ ላይ ነበር። ጎማው እዚያው አለ ብሎ ረገጠ፣ ያገኘው ግን ሲሚንቶ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ጎማውን ማን አነሳው የሚለው ነው።»

ጎማውን ብርሃን ወዳለበት ገለበጠው።

«አጥር ላይ አገኘሁት፤ ታጥቦ። የጌም ቤት ጎማ በክረምት ለምን ይታጠባል? ጭቃ ቢነካው ነው። አጣቢው ላዩን አጽድቷል፣ ስንጥቁ ውስጥ ግን ይኸ ቀርቷል።» መዳፉን ከፈተ። ጥቂት ቀይ ጠጠር ነበር። «ቀይ ገረጋንቲ። የከተማው ጭቃ ጥቁር ነው። ቀይ ገረጋንቲ በዚህ ክረምት የፈሰሰው አንድ መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ በኛ በፖሊሶቹ ቤት ደጅ። እሑድ ዕለት ከዚያ ሰፈር እዚህ የመጣ አንድ ቤተሰብ ነው።» ቆቡን አወለቀ። «የኔ ቤተሰብ። ጎማውን ያነሳሁት...»

«እሱ አይደለም!» አለች በለጠች። ስትነሳ አልታወቃትም። «እኔ ነኝ፣ እታለም። ልጆቼ ቤትሽን በጭቃ እንዳያበላሹ ብየ በር ላይ አነጠፍሁት። መብራት ጠፋ፣ ረሳሁት። ስጠየቅም ዋሸሁ። ማህዲ እስር ቤት ሲያለቅስ አይቸ ዝም አልሁ። እኔ ነኝ የገደልሁብሽ።»

ኢንስፔክተሩ አላያትም። ‹ራሷ እንድትናገረው ነበር የጠበቅሁት› የሚል ይመስል ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

ናዚፋ እጇን ወደ ጎማው ዘረጋች።

«ሰኞ ጠዋት በሩ አጠገብ አገኘሁት፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ» አለች። «የሽማግሌው መሆኑን አውቄዋለሁ። ልመልሰው እችል ነበር። ቆሽሾ አላስቀምጥም ብየ አጥቤ አሰጣሁት። በዚህ ዝናብ መቼ ሊደርቅልኝ? ጁማን ‹ጎማው የለም› አላልሁትም። ዓይኔን የሰበርሁት ለዚህ ነው። እናንተን የደበቅሁ መስሎሽ ነበር? ራሴን ነው የደበቅሁት።»

ማህዲ ያን ጊዜ ጮኾ አለቀሰ። አምላኩም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አራት ሰው አንድን ሞት ለየብቻው ተሸክሞ ከርሞ፣ አሁን እኩል ተከፋፈለው፤ ለማንም ግን አልቀለለውም።

የቤተሰቡ ነገር ስላለበት ኢንስፔክተሩ መዝገቡን በገዛ እጁ ለሌላ መርማሪ አስረከበ። በለጠች ቃሏን ሰጠች። አደጋ ነው ተባለ፣ ማህዲም ተለቀቀ። ሽማግሌው ግን ከዚያ ወዲህ አልበራም።

ናዚፋ ያን ቀን ይቅር አላለቻትም። በለጠችም አልጠየቀችም። ነሐሴ አለቀ፣ መስከረም ገባ፣ ሁለቱ ሴቶች ገበያ ሲገናኙ አንዷ ወደ ሽንኩርቱ፣ አንዷ ወደ በርበሬው ትዞራለች። አንድ ቀን ግን ዝናቡ የመጨረሻውን ሲያወርድ በለጠች አልችል አለችና ናዚፋ ደጅ ሄዳ ቆመች። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። የሚጠረግበት ፈለገች፣ ምንም የለም። ልታወልቀው ጎንበስ አለች።

በሩ ተከፈተ። ናዚፋ ቆማ ጫማዋን አየች፣ ፊቷን አየች።

«ተይው» አለች። «ከነጭቃሽ ግቢ።»