ስቶክዌል፣ ጉቶው ሥር ያለው ምንጭ

ይህን ፈጥሬ አይደለም የምጽፍላችሁ። የነገረችኝ ራሷ ጸዳለ ናት፤ ስትነግረኝም አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችኝም።

ባለፈው ኅዳር ነው፤ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ለንደን፣ ስቶክዌል።

ጸዳለ እዚያ አንድ አሮጌ ፎቅ ታጸዳለች። የዘጠኝ ዓመት ልጇን ሶልያናን ዓመት ሙሉ ሳል አልለቅ ብሏታል። የሰፈሩ ሐኪም፣ ጂፒው፣ ቼክ አድርጎ "ምንም የለባትም" ብሎ መልሷቸዋል።

ያን ቀን ጠዋት የእህቷ ልጅ ልዑልቃል ደወለላት። ዩኒቨርሲቲ የድሮ እንግሊዝኛ ያጠናል፤ ያወቀውን ሁሉ ለአክስቱ ካልነገረ አይሆንለትም።

"አክስቴ፣ ስቶክዌል ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ ስቶክ ጉቶ ነው፣ ዌል ደግሞ ምንጭ። ጉቶው ጋ ያለው ምንጭ እንደ ማለት ነው።"

እሷ ግን ሐሳቧ ከምታጸዳው ፎቅ ሥር ወዳለው ምድር ቤት ሄደ። እዚያ ከግድግዳው ሥር ጥርት ያለ ውሃ ሁሌም ይወጣል...

ሌላ ሰው ቢሆን ቧንቧ ፈነዳ ብሎ ሪፖርት ያደርግ ነበር። እሷ ጸበል ነው አለች።

እህል ሳትቀምስ ዋለች። ጠርሙስ ይዛ ወረደች። ጫማዋን አወለቀች።

ውሃው የሚወጣበት ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ጣውላ ገፋ ስታደርገው...

ጉቶ ነበር። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሲሚንቶው መሃል።

ነካችው። እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

አማተበችና ጠርሙሷን ደቀነች። "ጌታዬ፣ ልጄን ማርልኝ" አለች በሹክሹክታ።

ከጉቶው ኋላ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ...

"የክርስትና ስሟ?"

ጸበል ቦታ ካህኑ ሁሌም የሚጠይቀው ነው። አፏ ቀደማት።

"ወለተ ሚካኤል።"

ከዚያ ነው የባነነችው። እዚህ ምድር ቤት ውስጥ ማን አማርኛ ያወራል?

ውሃው ቆመ።

ወደ በሩ ሮጠች። ቁልፍ የሌለው በር ነው፤ ግን አልከፈት አለ። ስልኳ ኔትወርክ የለውም። ደበደበች፣ ጮኸች። ሶልያና ዘጠኝ ከሩብ ላይ ከትምህርት ቤት ትወጣለች፤ የምትወስዳት እናቷ ብቻ ናት።

ዘጠኝ ከሩብ ሆነ... ዘጠኝ ተኩል...

ጣሪያው ሥር፣ ከእግረኛ መንገዱ እኩል፣ ብረት ያለው ጠባብ መስኮት አለ። ባልዲ ገልብጣ ቆመችበት። የሚታያት የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው።

የልጇ ጥቁር ጫማ መጣ።

ከጎኑ ሁለት ባዶ እግሮች... ውሃ ያንጠባጥባሉ።

"ሶልዬ፣ እዚህ ነኝ። ሶልዬ።"

ጫማው ቆመ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ በብረቱ መሃል እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ቀና ብላ ከጎኗ ወደቆመችው ዞረች። ድምጿ ጥርት ያለ ነበር፤ ሳሉ የለም።

"እማዬ፣ እዚያ ታች ያለችው ሴትዮ ስሜን እንዴት አወቀች?"

አራቱ እግሮች አብረው ሄዱ።